የባሕር ዛፍ ውርስ በሰሜን ጎንደር ደጋ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው፥ በየገበሬው ጓሮና በየሸንተረሩ የባሕር ዛፍ ተክል ሳያይ አያልፍም። አብዛኛው የመንግሥት ደን አይደለም፤ የቤተ ሰብ ሀብት ነው። በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የተነሣሁት፥ እንዲህ ያለው ተክል ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ሳይጠፋ የሚቈየው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ነው።

አንደኛው ምክንያት የዛፉ ጠባይ ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ የአውስትራልያ ዛፍ ሲቈረጥ ከጉቶው ያቈጠቍጣል። ዐዋቂ ቈራጭ ጉቶውን ከመሬት አቅርቦ፥ ዝናብ እንዳያቍርበት አጋድሞ ይቈርጠዋል፤ ከሚበቅለውም ቀንበጥ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ትቶ የቀረውን ያነሣል። ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ አጠና ይደርሳል። ቅጠሉና ጭራሮው ምጣድ ያግላል፤ ቀጭኑ ማገር፥ ወፍራሙ ቋሚ ይሆናል፤ አጠናውም ለሕንፃ ሠሪዎች መወጣጫ ይሸጣል። ውሃ ይመጥጣል፥ የጎረቤት እህል ያቀጭጫል የሚለው ወቀሳ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ስለዚህም ጠንቃቃ ገበሬ በድንበሩ ላይ ቦይ ይቈፍራል።

ሁለተኛው ሕግ ነው። በቀድሞው የርስት ሥርዓት ከአቅኚው አባት በእናትም ሆነ በአባት የሚወለድ ሁሉ ድርሻ ሊጠይቅ ይችል ነበር፤ የተከለም ሰው ተከራካሪ አያጣም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ርስትን ቢያስቀርም፥ የሽግሽግ ሥጋት በቦታው ተተካ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ሲያደርግ፥ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያፈራውን ቋሚ ንብረት ግን የራሱ አድርጎ የማውረስ መብት ሰጠው። እንግዲህ ዛፉ ከቆመበት መሬት ይልቅ የግል ነው ማለት ይቻላል። በክልላችን የይዞታ ደብተር መሰጠቱም ለተካዩ ልብ ሰጥቶታል።

ይሁን እንጂ ወራሾች ካልተስማሙ ሕጉ ብቻውን ዛፍ አያቆምም። አያቴ ዳባት አጠገብ ተክል ትተው ሲያርፉ አምስት ልጆች ነበሯቸው፤ በገመድ ተለክቶ ይከፈል ተባለ። አክስቴ ግን፥ «መሬቱን አንክፈል፤ ቈረጣውን በተራ እናድርገው» አሉ። መንደር የቀሩት አጎቴ ጠባቂ ሆኑ፤ ለድካማቸውም ጭራሮውና ቅጠሉ ሁሉ የእርሳቸው ሆነ። ሥርዓቱ የተናጋው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሌላው አጎቴ ለልጃቸው ሠርግ ያለ ተራቸው አስቈረጡ፤ የቀን ሠራተኞቹም ጉቶውን ከፍ አድርገው ሰነጠቁት። ከእነዚያ ጉቶዎች ግማሹ አላቈጠቈጠም።

በፊንላንድም ከደኑ ግማሽ በላይ የቤተ ሰብ ነው፤ ወራሾች በጋራ ይዘውት የሚወስን ሰው ሲታጣ ሥራው እንደሚቆም የታወቀ ነው። እኛንም የሚያሠጋን ይኸው ነው። ጠባቂው አጎቴ አርጅተዋል፤ ሁለቱም ልጆቻቸው ጎንደር ገብተዋል፤ እኔም ያለሁት በዚያው ነው። የሚመጣው ተራ የአባቴ ነው። ቀንበጡን ማን እንደሚያሳሳው ገና አልተነጋገርንም።