የጠጕርን ዓይነት ዐውቆ ስለ መጠበቅ

በየትምህርት ቤቱ ጧት የተማሪዎች ንጽሕና በሚመረመርበት ሰዓት ጠጕሩ የተንጨባረረ ልጅ ብዙ ጊዜ «አልታጠብህም፤ አላበጠርህም» ተብሎ ይወቀሳል። ነገር ግን ያው ልጅ ማታ ታጥቦ፣ ጧት አበጥሮ የመጣ ሊሆን ይችላል። አጠገቡ የተሰለፈው ባልንጀራው ደግሞ ሳምንት ሙሉ ራሱን ውሃ ሳይነካው፣ ጠጕሩ ስለ ተኛለት ብቻ ንጹሕ ይመስላል። እንዲህ ሲሆን ጥፋቱ የልጁ ስንፍና ሳይሆን፣ እኛ ታላላቆቹ የጠጕርን ጠባይ ለይተን አለማወቃችን ነው። በዚህም ወር ልንገልጽ የምንወደው ይህንኑ ነው።

ጠጕር የሚበቅለው በራስ ቆዳ ውስጥ ካለች ጠባብ ጕድጓድ ነው። ሕይወት ያለው በዚያች ጕድጓድ ውስጥ ያለው ሥሩ ብቻ ሲሆን፣ ከቆዳ በላይ የሚታየው እንደ ጥፍር ሕይወት የሌለው፣ ኬራቲን ከተባለ ጠንካራ ነገር የተሠራ ነው። ስለዚህ ቍስል እንደሚድን የተሰበረ ጠጕር አይድንም፤ አስቀድሞ መጠበቅ ነው እንጂ። በወር የሚያድገውም 1 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ስለ ሆነ፣ በአንድ ቀን ግድየለሽነት የጠፋውን ለመተካት ብዙ ወራት ያስፈልጋሉ። ሆኖም በራስ ላይ 100,000 ገደማ ጠጕር ስላለ፣ በቀን ከ50 እስከ 100 የሚሆነው ቢረግፍ የተፈጥሮ ሥርዓት ነውና አያስደነግጥም።

ጠጕር የሚተኛውም ሆነ የሚጠቀለለው ከሚበቅልበት ጕድጓድ ቅርጽ የተነሣ ነው። ጕድጓዱ ቀጥ ያለና ክብ የሆነ እንደ ሆነ ጠጕሩ ሉጫ ይሆናል፤ ጕድጓዱ የጐበጠና ጠፍጠፍ ያለ እንደ ሆነ ግን ከርዳዳ ይሆናል። ይህም ከወላጅ የሚወረስ ስለ ሆነ በመታጠብም በመቀባትም አይለወጥም። ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ በሉጫ ጠጕር ላይ ሳይሰናከል እስከ ጫፉ ይወርዳል፤ በከርዳዳው ላይ ግን በየመታጠፊያው ስለሚሰናከል ጫፉ ሳይደርስ ይቀራል። ከርዳዳ ጠጕር ቶሎ የሚደርቀውና በየመታጠፊያው የሚሰበረው ስለዚህ ነው እንጂ ቆሻሻ ስለ ሆነ አይደለም።

ማንም ሰው የጠጕሩን ዓይነት ለማወቅ ቢፈልግ ታጥቦ፣ ቅባት ሳይቀባና ሳያበጥር በአየር ያድርቀውና ሦስት ነገሮችን ይመልከት።

አንደኛ፣ የጠጕሩን አጠቃለል ያስተውል። ተዘርግቶ ከተኛ ሉጫ፣ እንደ ማዕበል ከሄደ ዞማ፣ እንደ ቀለበት ከዞረ ጥቅልል፣ እንደ ሽቦ ተጠምዝዞ ከተሰበሰበ ከርዳዳ ነው። አንድሬ ዎከር የተባለው አሜሪካዊ የጠጕር ባለሙያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1990ዎቹ ይህንኑ ከ1 እስከ 4 በቍጥር ደልድሎታል፤ 1 ሉጫው፣ 4 ከርዳዳው ነው። ቍጥሩ ግን የዓይነት መለያ ነው እንጂ የማዕርግ ደረጃ አይደለም። በአንድ ራስ ላይም ሁለት ዓይነት ሊገኝ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ውፍረቱን ይመርምር። ነጠላ ጠጕር በሁለት ጣት መካከል ሲያዝ እምብዛም የማይታወቅ ከሆነ ቀጭን ነው፤ እንደ ክር የሚሰማ ከሆነ ወፍራም ነው። ቀጭኑ ከባድ ቅባትና ጕተታ አይችልም።

ሦስተኛ፣ ውሃ አጠጣጡን ይመልከት። ነጠብጣቡ ከላዩ የሚንከባለልበት ጠጕር የውጭ ሽፋኑ የተገጠመ ነው። ቶሎ ጠጥቶ ቶሎ የሚደርቅ ግን ሽፋኑ በጋለ ብረት፣ በቀለም ወይም በማለስለሻ የተጐዳ ሊሆን ይችላል።

አጠባበቁም ዓይነቱን ይከተላል። ሉጫና ወዛም ጠጕር ቶሎ ቶሎ መታጠብ ያስፈልገዋል፤ ለከርዳዳው ግን በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃዋል። ሉጫው ከታጠበ በኋላ ጥቂት ጠፈፍ ሲል ይበጠር። ከርዳዳው በደረቁ ሲበጠር ስለሚሰበር፣ እርጥብ ሳለ ጥርሱ ሰፋፊ በሆነ ሚዶ ከጫፉ ተጀምሮ ወደ ሥሩ ይፈታ። የልብስ ሳሙና ወዙን ፈጽሞ ስለሚያስወግድ ለማንኛውም ጠጕር አይስማማም።

እናቶቻችን ለጋ ቅቤ መቀባታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ቅባት በጠጕር ውስጥ ያለው ውሃ እንዳይወጣ ይከለክላል እንጂ ራሱ ውሃ አይሆንም። ስለዚህ በደረቅ ጠጕር ላይ ከመለጠፍ ይልቅ፣ ጠጕሩ ታጥቦ እርጥብ ሳለ በጥቂቱ ወደ ጫፉ መቀባት ይሻላል። ፎረፎር ያለበት ሰው ግን በራሱ ቆዳ ላይ ቅባት አያብዛ፤ ከፎረፎር ጋር የተያያዘው ረቂቅ ፈንገስ የሚመገበው ቅባት ነውና።

ከሁሉ ይልቅ የምናሳስበው ስለ ጥብቅ ሹሩባ ነው። ልጅቱ ስታለቅስ «ቻይው፣ ኋላ ያምርብሻል» ማለት የተለመደ ነው። ነገር ግን ሕመሙ ሥሩ እየተነቀለ መሆኑን የሚያስታውቅ ምልክት ነው። በግንባርና በጆሮ ግንድ አጠገብ ብጉር ሲወጣ ወይም ጠጕሩ ሲሳሳ ሹሩባው ወዲያው ይፈታ። በጊዜው የተተወ እንደ ሆነ ጠጕሩ ተመልሶ ይበቅላል፤ ለዓመታት የቀጠለ እንደ ሆነ ግን ጕድጓዱ ጠባሳ ይሆንና ጠጕሩ ዳግመኛ አይመለስም። ከርዳዳን ጠጕር ሉጫ ለማድረግ የሚሸጡት ብዙዎቹ ማለስለሻዎችም ኃይለኛ አልካሊ ስላለባቸው የራስን ቆዳ ሊያቃጥሉ፣ ጠጕሩንም ሊሰብሩ ይችላሉ።

መምህራን የጠጕርን ዓይነት ከጠጕር በሽታ እንዲለዩ እንለምናለን። በተማሪው ራስ ላይ ቅርፊት ያለው መላጣ ቦታ፣ ጠጕሩም ከቆዳው አጠገብ ተቈራርጦ ቢታይ ቆረቆር ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። ይህ በሽታ በፈንገስ የሚመጣና የሚተላለፍ ሲሆን፣ የሚድነው በሚዋጥ መድኃኒት ነው፤ በቆዳ ላይ የሚቀባው ብቻውን ሥሩ ድረስ አይዘልቅም። ሚዶና ባርኔጣ መዋዋስ፣ በአንድ ምላጭ ብዙ ልጆችን መላጨትም መቅረት ይገባዋል። የታመመው ልጅ ግን በጓደኞቹ ፊት አይዋረድ።

እንግዲህ ከርዳዳው «ክፉ»፣ ሉጫው «መልካም» የሚባልበት ምክንያት የለም። ክፉው ነገር ጠባዩን ሳያውቁ ጠጕርን ማሠቃየት ነው። ነገ ጧት በሰልፉ ላይ ጠጕሩ የቆመ ልጅ ሲያጋጥመን፣ ከመገሠጻችን አስቀድሞ የራሱን ቆዳ እንመልከት፤ ቆዳው ንጹሕ ከሆነ ልጁም ንጹሕ ነው።