በበጋ ወራት የቤትን ኤሌክትሪክ ስለ መጠበቅ

በአምባሰል የግሸን ደብረ ከርቤ ማርያም በዓል መስከረም 21 ቀን ሲከበር ከየአገሩ የመጣው ሕዝብ አምባውን ሞልቶ ይሰነብትና፥ በዓሉ ካለፈ በኋላ ወደየቤቱ ይመለሳል። በዚያው ሰሞን ዝናሙም ይሰናበታል። ከጥቅምት ወዲያ ሰማዩ ይጠራል፤ ነፋሱ ይደርቃል፤ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋው አምባና በዙሪያው ያለው ገደላ ገደል ልምላሜውን እየለቀቀ ይገረጣል። ገበሬው ይህን ጊዜ ለአጨዳና ለውቂያ ይወደዋል። ኤሌክትሪክ የገባለት ቤት ግን ከወራት ሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ ለቤተ ሰብ አንባቢዎቻችን ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ለማስታወስ ወደድን።

ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ አደጋ የሚመጣው በክረምት፥ ከዝናምና ከመብረቅ ጋራ ብቻ ይመስለዋል። ውሃና ኤሌክትሪክ አለመስማማታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ድርቀትም የራሱ የሆነ ስውር ጉዳት አለው፤ አስቀድሞ የሚያጠቃውም ዓይን የማያየውን፥ በመሬት ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ነው።

ይህ ሽቦ የመብራት ሠራተኞች «ማሳ» ወይም «ኧርዝ» የሚሉት ነው። አንደኛው ጫፉ እንደ ምጣድና እንደ ማቀዝቀዣ ካሉት ዕቃዎች ብረት ጋራ ይያያዛል፤ ሁለተኛው ጫፉ በግቢው ውስጥ ከተተከለ የብረት ወይም የመዳብ ዘንግ ጋራ ይታሰራል። በምጣዱ ውስጥ ያለው ሽቦ ልባሱ ተልጦ ብረቱን ቢነካ፥ ኃይሉ በእመቤቲቱ እጅ ከመሄድ ይልቅ በዚህ ሽቦ ወደ መሬት ይወርዳል፤ በብዛት በወረደም ጊዜ ባልቦላው ይቃጠላል፥ ወይም ብሬከሩ ይቆርጠዋል።

እንግዲህ አፈር ኤሌክትሪክን የሚያሳልፈው በውስጡ ባለው እርጥበት ነው። ነሐሴ ላይ የራሰው አፈር መልካም መንገድ ይሆናል፤ ያው አፈር የካቲት ላይ ደርቆ ሲሰነጠቅ ግን መንገዱ ይጠብባል። አፈሩ ስስ፥ ከሥሩም ያለው ቋጥኝ በሆነበት ተራራማ አገር ነገሩ ይብሳል።

ይህን በሒሳብ ብንመለከተው ይበልጥ ይገባናል። በአገራችን ወደ ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። 3,500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ 16 አምፔር ያህል ስለሚስብ፥ እስከ 20 አምፔር የሚያሳልፍ ባልቦላ ይደረግለታል። ቤቱ የሚታመነው በራሱ የመሬት ዘንግ ብቻ ቢሆን፥ በድርቀትም ምክንያት የአፈሩ ተቃውሞ 50 ኦም ቢደርስ፥ ከተበላሸው ምጣድ ወደ መሬት ሊወርድ የሚችለው 220 ለ50 ተካፍሎ 4.4 አምፔር ብቻ ነው። 20ን በሰላም የሚያሳልፍ ባልቦላ 4.4ን ከቶ አይቆርጥም፤ ምጣዱም ኃይል እንደ ተሸከመ ይቆያል። ለሰው ሕይወት ግን የአንድ አምፔር 3 መቶኛ እጅ እንኳ አደገኛ ነው። ሊጥ በነካው እጅዋ ምጣዱን የምትዳስሰው እናት፥ በባዶ እግሩ አጠገብዋ የቆመውም ልጅ፥ የሚያሠጋቸው ይህ ነው። አምፖሉ ስለ በራ፥ እንጀራውም ስለ በሰለ ብቻ ቤቱ ደኅና ነው ማለት እንደማይቻል ከዚህ ይታወቃል።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው? መጀመሪያ፥ ዘንጉ ላዩ ቢደርቅም ታቹ እርጥበቱን ወደሚይዝ አፈር እስኪደርስ፥ ቢቻል 2 ሜትር ተኩል ያህል ይተከል። ቋጥኝ ቢከለክል ዘንጉን ቆርጦ ማሳጠር ትልቅ ስሕተት ነው። ይልቁንም ረዥም ቦይ ቆፍሮ የመዳብ ሽቦ አጋድሞ መቅበር፥ ወይም ሁለትና ሦስት ዘንጎችን ከቁመታቸው ባላነሰ ርቀት ተክሎ ማያያዝ ይገባል። በዘንጉ ዙሪያ ከሰልና ጨው መጨመር የቆየ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ጨው በዝናም ይታጠባል፥ ብረትንም ይበላል፤ ስለዚህ በየጊዜው መመርመርን ይጠይቃል። በበጋም ዘንጉን ሳይነኩ ዙሪያውን ውሃ ማጠጣት ይረዳል። ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት አገር ይህ እንደ ብክነት ቢታይም፥ ዕቃ የታጠበበት እጣቢ ለዚህ ይበቃል።

ሁለተኛ፥ የዘንጉ ምርመራ በደረቁ ወራት ይደረግ። በክረምት የተለካ ዘንግ ባለቤቱን ያታልለዋል፤ ነሐሴ ላይ የተመሰገነው ዘንግ በየካቲት ዋጋ ቢስ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የሚለካውም በመሣሪያ ነውና ሙያ ያለውን ሠራተኛ መጥራት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፥ በገበያ «አር ሲ ዲ» የሚባለውን ቆራጭ ማስገባት ነው። ይህ ዕቃ ወደ ቤት የሚገባውንና የሚመለሰውን ኃይል ያመዛዝናል፤ 30 ሚሊ አምፔር ያህል ቢጎድልም በቅጽበት ይቆርጣል። የመሬቱ ዘንግ በድርቀት በደከመበት ጊዜ እንኳ ስለሚሠራ፥ ለበጋ አገር ከሁሉ የሚበልጥ ጠባቂ ነው። በላዩ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ በየወሩ መጫን ይገባል፤ ተጭና ካልቆረጠ ዕቃው ታሟል።

ከዚህም በቀር የበጋው ድርቀት በግድግዳ ላይ ይታያል። በባሕር ዛፍና በጭቃ የተሠራው ቤት እንጨቱ ሲኮማተርና ምርጊቱ ሲሰነጠቅ፥ ሶኬቱና ማብሪያው ይላላሉ፤ የላላ ሽቦም ይግላል። አቧራው ደግሞ በሶኬቱ ውስጥ ይከማችና፥ የወጥ እንፋሎት ሲያርሰው ለኃይሉ መተላለፊያ ይሆናል። የሚሞቅ፥ የሚጠቁር ወይም የሚንጣጣ ሶኬት ቢገኝ ዋናውን ማጥፊያ አጥፍቶ ማሠራት ነው እንጂ «እስከ ነገ ይቆይ» ማለት አይገባም። ገለባና ድርቆሽም ሽቦ በሚያልፍበት ግድግዳ ሥር አይከመር። የሱፍ ሹራብ በደረቅ ሌሊት ሲወልቅ የሚንጣጣው ብልጭታ ግን ከቤቱ ሽቦ የመጣ አይደለምና አያስደንግጣችሁ።

ባልቦላ በተቃጠለ ጊዜ በወፍራም ሽቦ ተክቶ መብራቱን መመለስን ብዙዎች እንደ ብልኀት ይቆጥሩታል። ይህ የቤቱን ዘበኛ አባርሮ በሩን ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። ለምጣድ የሚዘረጋውም ሽቦ ለአምፖል ከሚበቃው የ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ሊወፍር ይገባል፤ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ነው።

በጋው ሊያልቅ ሲል የበልግ ደመና ነጎድጓድ ይዞ በተራራው ላይ ሲያንዣብብ፥ ዕቃዎችን ከሶኬት መንቀል ተገቢ ነው። መብራትም ጠፍቶ ሲመለስ ኃይሉ እስኪረጋ ጥቂት መታገሥ ዕቃን ያድናል። ሰው በኤሌክትሪክ ቢያዝ ግን አስቀድሞ ዋናውን ማጥፊያ ማጥፋት ነው፤ በባዶ እጅ የሚጎትተው ሰው አብሮ ይያዛልና።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም እንዳለው አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ኃይሉ በዛ ማለት ግን ጥንቃቄው ቀለለ ማለት አይደለም። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ሽቦ የባለቤቱ አደራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ከግሸን በዓል የተመለሰ አባ ወራ እህሉን ወደ ጎተራ ሲያስገባ፥ በግቢው ጥግ የተተከለውንም ዘንግ ቢያስመረምር ለቤተ ሰቡ መልካም ስንቅ ያደርግለታል እንላለን።