ስለ ቤት መሥራትና ስለ ገበሬው ማሳ

ለሰው ልጅ ምግብ፥ ልብስና መጠለያ ከሁሉ አስቀድመው የሚያስፈልጉ እንደ ሆኑ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ምግብና መጠለያ አንዳንድ ጊዜ በአንድ መሬት ላይ ተገናኝተው ይጣላሉ። ከተማ ሲሰፋ ቤት የሚሠራበት ስፍራ ይፈልጋል፤ ያም ስፍራ ብዙ ጊዜ ባዶ አይደለም። ጤፍና ስንዴ፥ ሽንብራና ጓያ የሚዘራበት፥ የገበሬው ጎጆና በረት ያለበት፥ የአባቶቹም መቃብር የሚገኝበት ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ሰውን ሲያከራክር የኖረው ነገር ይኸው ነው።

በዚህ ነገር ፍርድ ለመስጠት የሚወድ ሁሉ የሁለቱንም ወገን ቃል በቅን ልቡና ሊሰማ ይገባዋል።

የከተማው ሰው የሚያቀርበው ምክንያት ቀላል አይደለም። የጋራ መኖሪያ ቤት ሥራ የተጀመረው በኪራይ ለሚንገላታው ሕዝብ ነው። ተመዝጋቢው ከደመወዙ እየቀነሰ ከቤቱ ዋጋ 20 ወይም 40 በመቶ ያህሉን ይቆጥባል፤ የቀረውን በባንክ ብድር ይከፍላል። በ1997 ዓ.ም. ተመዝግቦ ዕጣው እስኪወጣለት ከአሥር ዓመት በላይ የጠበቀ ሰው ብዙ ነው። ይህ ሰው የማንንም መሬት አልቀማም፤ የጠየቀው ልጆቹን የሚያሳድርበት ጣራ ብቻ ነው።

የገበሬውም ምክንያት እንዲሁ ከባድ ነው። አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ፥ የአምስት ዓመት አማካይ የዓመት ገቢው በአሥር ተባዝቶ እንዲከፈለው አዝዞ ነበር። ይህ በወረቀት ሲታይ ብዙ ገንዘብ ይመስላል። ነገር ግን ማሳ የአሥር ዓመት መኸር ብቻ አይደለም፤ አባትን መግቦ ልጅን፥ ልጅን መግቦ የልጅ ልጅን የሚመግብ ነው። ዕድሜውን ሁሉ ሞፈርና ቀንበር ይዞ የኖረ ሰው ገንዘብን ወደ ንግድ ማዞር ባያውቅ አይፈረድበትም። ገንዘቡ ካለቀ በኋላ በገዛ ማሳው ላይ በተሠራው ሕንፃ አጠገብ ዘበኛና የቀን ሠራተኛ ሆኖ መኖር ለእርሱ ድህነት ብቻ ሳይሆን ውርደትም ነው።

ይህ ቅሬታ ሳይሰማ ሲቀር ምን እንደሚያስከትል አይተናል። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች ያስተሳስራል የተባለው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ኋላም በ2008 ዓ.ም. ብርቱ ተቃውሞ አስነሣ፤ የብዙ ሰው ሕይወትም ጠፋ። በጥር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ እንዲቀር ተወሰነ። እንደ ገና በ2011 ዓ.ም. በኮዬ ፈጬ የተሠሩት ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፥ ሕዝብ በኦሮሚያ ከተሞች አደባባይ ወጣ። ባለዕጣውም ደስታው ወደ ሥጋት ተለወጠበት። በዚህ ሁሉ ቤት ፈላጊውና ገበሬው እንደ ጠላት ተያዩ እንጂ አንዱም አላተረፈም።

በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን የናቡቴን ታሪክ የማያውቅ ካህን የለም። ንጉሡ አክዓብ የወይኑን ቦታ ሲጠይቀው በነጻ ስጠኝ አላለውም፤ የተሻለ ወይን ወይም ዋጋውን በብር ሊሰጠው ቃል ገብቶ ነበር። ጥፋቱ የመጣው ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም ባለ ጊዜ መልሱ በሐሰት ምስክርና በድንጋይ ስለ ተመለሰ ነው። እርግጥ፥ አክዓብ የፈለገው ለራሱ የአትክልት ቦታ ነበር፤ ዛሬ መሬት የሚፈለገው ግን ቤት ለሌለው ሕዝብ ነው። ቢሆንም ዋጋ ማቅረብ ብቻውን ፍትሕ እንዳልሆነ ከዚህ ታሪክ እንማራለን።

ሕጋችንም ይህን አልዘነጋም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረትን ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሣ አስቀድሞ እንዲከፍል በአንቀጽ 40 ያዛል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ በሚነካው ሥራ ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ መብት ይሰጠዋል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣም የካሣውን ስሌት ከአሥር ወደ አሥራ አምስት ዓመት ገቢ ከፍ አድርጎ፥ ባለይዞታው መሬቱን ከመልቀቁ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ እንዲወያይ ደንግጎ ነበር።

እንግዲህ የጎደለው ቃሉን በሥራ ማዋል ነው። ካርታው ከተነሣ፥ ችካሉም ከተተከለ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ማስታወቂያ እንጂ ምክር አይባልም። ሹማምንት ወረቀቱ ሳይፈረም ወደ መንደሩ ወርደው፥ በገበሬው ቋንቋ አስረድተው፥ ሽማግሌዎች ባሉበት መሬቱን ሊለኩ፥ ካሣውንም ዶዘሩ ከመግባቱ በፊት ሊከፍሉ ይገባል። ከሚሠሩት ቤቶችና ሱቆች ለተነሺው ድርሻ ቢሰጠው፥ ልጆቹም የእጅ ሥራ ቢማሩ፥ ገበሬው የከተማው ባለቤት እንጂ በደጅዋ የሚጠና ችግረኛ አይሆንም። በከተማው መካከል ያረጀው ሰፈር ከነነዋሪው ወደ ላይ ሊታነጽ ሲቻል ጥቁሩን የጤፍ አፈር በሲሚንቶ ለመሸፈን መቸኮልም አይገባም።

ካህናትም ድሀው ሲያለቅስ አጽናኝ፥ ባለሥልጣኑ ሲሳሳት በትሕትና መካሪ መሆን ግዳጃቸው ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ብለዋል። ከመሠረቱ በፊት የተሰማ የገበሬ ቃል ቤቱን ያጸናዋል፤ ሳይሰማ የቀረ ግን ግድግዳው ከቆመ በኋላም ነዋሪውን በሰላም አያሳድረውም።