የትንሿ አጥቢያ ዓመት በማን ትከሻ ይዞራል?

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ደርሰው ወለሉ ተጠርጎ፣ ምንጣፉ ተራግፎ፣ መቅረዙ ተወልውሎ ሲያገኙት ቅዳሜን ማን ሲደክምበት እንደዋለ ጠይቀው ያውቃሉ? የሰንበቴውን ዳቦ የጋገረችውን፣ የእድሩን ብረት ድስት አጥባ የመለሰችውን ሴት በስም የሚያውቋት ስለሆነ ጥያቄው እንግዳ አይሆንብዎትም። ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ባሕር ማዶ፣ በእንግሊዝ ገጠር ወደሚገኙት ትንንሽ የአንግሊካን አጥቢያዎች እንዝለቅ። እዚያ ያሉ እናቶች ከዓመት እስከ ዓመት የሚሠሩትንና በአሁኑ ጊዜ የገጠማቸውን ችግር ማወቅ፣ ቤትና ሥራን አጣምራ ለያዘች አንባቢያችን ባዕድ ወሬ አይሆንባትም።

በመጀመሪያ ስለ አጥቢያው ጥቂት እንበል። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ከሮም የተለየችው በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1534 ነው። አገሪቱ በሙሉ በአጥቢያ የተከፋፈለች ስትሆን የአጥቢያዎቹ ቁጥር ወደ 12,500፣ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃዎቹ ደግሞ ወደ 16,000 ይጠጋል። በክልሉ የሚኖር ሰው ሁሉ፣ ቢሳለምም ባይሳለምም፣ የአጥቢያው ሰው ነው። እዚያ መጋባት፣ በመቃብሩ ሥፍራ ቦታ ካለም መቀበር ይችላል። ደንቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ለሠርግና ለቀብር ብቻ ብቅ የሚል ሰው፣ ጣሪያው ሲያፈስ አይታይም።

ጣሪያው ደግሞ ያፈሳል። ብዙዎቹ የገጠር ሕንፃዎች ብዙ መቶ ዓመታት ያስቆጠሩ የድንጋይ ሥራዎች ናቸው። አንዳንዶቹ በእርሳስ የተከደኑ በመሆናቸው ሌቦች ሌሊት እየገፈፉ ይሸጡታል። ካህናቱ ደመወዛቸውን ከመንግሥት ካዝና አያገኙም፤ የጥገናውም ዕዳ በአጥቢያው ጉባኤ ላይ ይወድቃል። አንድ ቄስ አምስትና ስድስት መንደሮችን፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጡትን ስለሚያገለግል በአንዲቱ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ የሚደረገው በየሁለት ሳምንቱ ወይም በወር አንድ ጊዜ ሊሆን ይችላል። ቄሱ በማይኖርበት ቀን በሩን የሚከፍተው፣ ሻማውን የሚያበራው፣ የታመመውን የሚጠይቀው የመንደሩ ሰው ነው። ለዚህም በየዓመቱ ሁለት የአጥቢያ ተጠሪዎች ይመረጣሉ።

ከበሩ አጠገብ የተራ ዝርዝር ተለጥፎ ያገኛሉ። አበባ የማን ተራ ነው? ናሱን ማን ይወለውላል? ከጸሎት በኋላ ሻይና ብስኩቱን ማን ያቀርባል? አበባው በዐቢይ ጾም ይቀርና በትንሣኤ ቤቱን ሞልቶት ይውላል። የሚንበረከኩበትን ትራስ እንኳ የመንደሩ ሴቶች ክረምቱን በመርፌ ጠልፈው የሠሩት ሆኖ ይገኛል። ወንዶቹስ አይሠሩም ወይ ይሉ ይሆናል። ደወሉን ይደውላሉ፤ የመቃብሩን ሣር ያጭዳሉ፤ ሒሳቡን ይይዛሉ። የሻይ ስኒ ማጠቡ ላይ ግን እንደየትም አገር ናቸው።

ከበዓላቱ ሁሉ ለዚህ ዓምድ የሚቀርበው በእነርሱ ዐቢይ ጾም አራተኛው ሳምንት የሚውለው የእናቶች እሑድ ነው። በጥንት ጊዜ በዚህ ቀን ሕዝቡ ወደ ዋናው ቤተ ክርስቲያን፣ “እናት ቤተ ክርስቲያን” ወደሚባለው ይሄድ ነበር። ኋላም ገና በልጅነታቸው በሀብታም ቤት በገረድነት የተቀጠሩ ልጃገረዶች በዚህ ዕለት ፈቃድ ተሰጥቷቸው እናታቸውን ለማየት የሚሄዱበት ቀን ሆነ። በመንገድ ዳር የበቀለውን የዱር አበባ እየለቀሙ ለእናታቸው ይዘውላት ይገቡ ነበር፤ እመቤቲቱ ደግ ከሆነች ኬክም ታሲዛቸዋለች። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብንል መልካም ነው። በእርስዎ ቤት ልጅዎን አቅፋ የምታውል፣ ወጡን የምትሠራ ሠራተኛ ካለች፣ እናቷን ካየች ስንት ጊዜ ሆናት?

ይህ ልማድ ከመቶ ዓመት በፊት ሊጠፋ ደርሶ ነበር። በአሜሪካ ሚስ አና ጃርቪስ የጀመሩት የእናቶች ቀን እ.ኤ.አ. በ1908 ተከብሮ፣ በ1914 በፕሬዚዳንቱ አዋጅ ብሔራዊ ሆነ። በኖቲንግሃምሻየር የኮዲንግተን መንደር ቄስ ልጅ የሆኑት ሚስ ኮንስታንስ ፔንስዊክ ስሚዝ ይህንን በ1913 ሰሙና “የራሳችን ቀን እያለን ለምን እንረሳዋለን?” በሚል መንፈስ ተነሡ። ጽሑፍ እየጻፉ፣ ቄሶችን እያግባቡ፣ በ1921 መጽሐፍ እስከማሳተም ደርሰው በ1938 እስኪሞቱ ድረስ በዚሁ ሥራ ጸኑ። የሚያስደንቀው፣ እኒህ ለእናቶች የደከሙ ሴት አግብተው አልወለዱም። ሚስ ጃርቪስም እንዲሁ ነበሩ።

ዛሬ በዚያች እሑድ ልጆች ከመሠዊያው አጠገብ ትንንሽ እቅፍ አበባ ተቀብለው ለእናቶቻቸው ይሰጣሉ፤ በብዙ አጥቢያዎች የወለደችም ያልወለደችም ሳትለይ ለተገኘች ሴት ሁሉ ይታደላል። ይህም ያለ ምክንያት አልመጣም። ልጅ የሞተባት፣ መውለድ ያልቻለች፣ እናቷን በቅርቡ የቀበረች ሴት ያን ቀን ከቤት አልወጣም ልትል ትችላለችና አስተዋይ ቄሶች በጸሎታቸው እነዚህንም ያስባሉ። የበዓሉ ኬክ ሲምኔል ይባላል፤ ዘቢብ የበዛበት ሆኖ በላዩ ከተፈጨ አልሞንድና ከስኳር የተድቦለቦሉ 11 ኳሶች ይደረደሩበታል። ለሐዋርያት ናቸው፤ ይሁዳ ተቀንሷል።

ስለ እናቶች ካነሣን የሚስስ ሜሪ ሰምነርን ታሪክ ሳንነግርዎት ማለፍ አይቻልም። በሃምፕሻየር የኦልድ አልረስፎርድ አጥቢያ ቄስ ባለቤት ነበሩ። የመጀመሪያ ልጃቸው ወልዳ የልጅ ልጅ ሲታቀፉ፣ እርሳቸው ራሳቸው በወጣትነታቸው ሕፃን ይዘው የተጨነቁበት ጊዜ ትዝ አላቸውና እ.ኤ.አ. በ1876 የአጥቢያውን እናቶች፣ ባለጸጋዋንም ድሃዋንም፣ በአንድነት ጠሩ። ሴቶቹ ተሰብስበው ሲቀመጡ ግን ሚስስ ሰምነር ፍርሃት ያዛቸው፤ አንዲት ቃል መናገር አቅቷቸው በሳምንቱ ተመልሰው እንዲመጡ ተደረገ። በሳምንቱ ደፍረው ተናገሩ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1885፣ በፖርትስመዝ በተደረገው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ አንድ ጳጳስ ድንገት ለሴቶቹ እንዲናገሩ ቢጠይቋቸው ቆመው ተናገሩ፤ ያቺ የመንደር ስብሰባም ወደ ሌሎች አጥቢያዎች ተዛመተች። የእናቶች ኅብረት የሚባለው ይህ ማኅበር ዛሬ ከ80 በሚበልጡ አገሮች ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ አባላት ያሉት ሲሆን አብዛኞቹ ከእንግሊዝ ውጪ፣ በተለይም በአፍሪካ ይገኛሉ። በአገራችንም በአዲስ አበባ የቅዱስ ማቴዎስ ቤተ ክርስቲያን፣ በጋምቤላም ብዙ የአንግሊካን ምእመናን አሉ።

ማኅበሩ ግን ሁልጊዜ ለሁሉም ደጁ ክፍት አልነበረም። ትዳሯ የፈረሰባት ሴት እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አባል ልትሆን አትችልም ነበር። ድጋፍ ይበልጥ የሚያስፈልጋት ማን ሆና ነው በር የሚዘጋባት?

ወደ ዓመቱ ዑደት እንመለስ። በጥር ወር ማረሻውን ወደ ቤተ ክርስቲያን አምጥተው ያስባርካሉ። ጾሙ ሊገባ ዋዜማው ማክሰኞ ደግሞ በቤት ያለው እንቁላልና ቅቤ ማለቅ አለበትና ፓንኬክ የተባለውን ስስ ቂጣ ይጋግራሉ። ኦልኒ በምትባል ከተማ አንዲት የቤት እመቤት እ.ኤ.አ. በ1445 ቂጣዋን እየጋገረች ሳለ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ቢደወል መጥበሻዋን እንደያዘች ሮጠች የሚል አፈ ታሪክ አለ። በዚህ መነሻ የከተማዋ ሴቶች ሽርጥ ታጥቀው፣ ሻሽ አስረው፣ መጥበሻ ይዘው ከገበያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ 380 ሜትር ያህል ይሽቀዳደማሉ፤ ቂጣውንም ወደ ላይ ወርውረው መቅለብ ግዴታ ነው። ከ1950 ወዲህ በአሜሪካ ካንሳስ የምትገኘው የሊበራል ከተማ ሴቶችም በዚያው ቀን እየሮጡ ሰዓታቸውን ያወዳድራሉ። ሯጭ በማይታጣበት አገራችን ቢሆን ርቀቱ አጭር ነው ተብሎ ቅሬታ ሳይቀርብ አይቀርም።

ከትንሣኤ በኋላ በምህላ እሑድ የአጥቢያውን ወሰን እየዞሩ ለእርሻው ይጸልያሉ። ካርታ ባልነበረበት ዘመን ልጆች ወሰኑን እንዳይረሱ በየድንበር ድንጋዩ በአርጩሜ ይቀመሱ ነበር አሉ! በበጋ ደግሞ ባዛር አለ፤ ኬክ፣ ማርማላታ፣ አሮጌ መጽሐፍ፣ ቶምቦላ። ለጣሪያው የሚሆነው ገንዘብ በአብዛኛው በዚህ ዓይነት ሳንቲም በሳንቲም ይለቀማል።

የመከር ምስጋናው መስከረምና ጥቅምት ላይ ይውላል፤ ከእኛ መስቀል ሰሞን ጋር ይገጣጠማል ማለት ነው። ዛሬ በሚከበርበት መልክ ያስጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1843 በኮርንዎል የሞርዌንስቶው ቄስ የነበሩት ሮበርት ስቲቨን ሆከር ናቸው። በመሠዊያው ዱባው፣ ፖሙ፣ በስንዴ ነዶ አምሳል የተጋገረው ትልቅ ዳቦ ይቀመጣል፤ ጋጋሪዋ ከዳቦው ላይ አንዲት የሊጥ አይጥ መለጠፍ አትረሳም። አሁን አሁን ግን ከዱባው ይልቅ የታሸገ ባቄላ፣ ሩዝና የሕፃን ዳይፐር ይበዛል። ይህም የሚሄደው ቤታቸው ላጣባቸው ቤተሰቦች እህል ወደሚያድሉት የምግብ ባንኮች ነው። በሀብታም አገር ደመወዝተኛ እናት እህል ለመለመን ትሰለፋለች ቢባል ያምኑ ነበርን?

ይህን ሁሉ የሚሠሩት ሴቶች ዛሬ እያረጁ ነው። በብዙ መንደሮች በተራው ዝርዝር ላይ የሚታዩት ተመላልሰው እነዚያው አራትና አምስት ስሞች ናቸው። ቀድሞ የእናቶቹ ስብሰባ በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ይደረግ ነበር፤ ዛሬ በዚያ ሰዓት እናቲቱ በቢሮ፣ በሆስፒታል ወይም በመደብር ናት። አንዳንድ አዛውንት “የዛሬ ወጣቶች አይረዱንም” ሲሉ ይሰማሉ። በእኛ አስተያየት ግን ጥፋቱን በሠራተኛዋ እናት ላይ ማላከክ ተገቢ አይደለም። ስምንት ሰዓት ሠርታ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት አምጥታ፣ እራት አብስላ ለምትተኛ ሴት ናስ ወልውይ ማለት ምን ይባላል? ይልቅስ ሰዓቱና ሥራው እንደ ኑሮዋ ቢቀየር ይሻላል።

ይህንን የተረዱ አልጠፉም። በፖርትስመዝ አጠገብ በምትገኘው በካውፕሌን የቅዱስ ዊልፍሪድ አጥቢያ እ.ኤ.አ. በ2004 ልጆችና ወላጆች ከትምህርት ቤት መልስ አብረው የሚመጡበት ዝግጅት ተጀመረ። ቀለም ይቀባሉ፣ ወረቀት ይቆርጣሉ፣ አጭር ጸሎትና መዝሙር ይኖራል፤ በመጨረሻም ሁሉም በአንድነት እራት ይበላሉ። ብልሃቱ እራቱ ላይ ነው፤ የደከመችው እናት ቤቷ ገብታ ምጣድ አትጥድም። ዝግጅቱ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል።

ሌላም ለውጥ አለ። ወለሉን ለዘመናት ሲጠርጉ የኖሩት ሴቶች በመሠዊያው ፊት በክህነት እንዲቆሙ የተፈቀደው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 1994 በብሪስቶል 32 ሴቶች ቅስና ተቀበሉ፤ በ2015 ሊቢ ሌን የመጀመሪያዋ ሴት ጳጳስ ሆኑ። በ2025 ደግሞ ለካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስነት የተሰየሙት ሣራ ሙላሊ ከክህነታቸው በፊት ነርስ፣ ኋላም የእንግሊዝ ዋና የነርሶች ኃላፊ የነበሩ ናቸው።

የኅዳር እሑድ ለገናው ኬክ ናት። ገና ሊገባ አራቱ የዝግጅት ሳምንታት ከመጀመራቸው በፊት ባለው እሑድ ቤተሰቡ ሁሉ፣ ሕፃኑም ሳይቀር፣ በየተራ የገናውን ሊጥ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያማስላል። ለልጆቹ ግን ከዚህ የሚበልጥባቸው “ክሪስቲንግል” ነው። እ.ኤ.አ. በ1747 በጀርመን በሞራቪያውያን ዘንድ ተጀምሮ፣ ወደ እንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የገባው በ1968 ለችግረኛ ሕፃናት ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲባል ነው። ከልጆችዎ ጋር ቢሠሩት ወጪው ትንሽ ነው። አንድ ብርቱካን ይውሰዱ፤ ዓለም ማለት ነው። ወገቡን በቀይ ጥብጣብ ይጠምጥሙት። በአራት የጥርስ እንጨት ላይ ዘቢብ ወይም ከረሜላ ሰክተው በዙሪያው ይትከሉ፤ አራቱን ወቅቶች ያመለክታል። አናቱን በቢላ ጫፍ ቦርቦር አድርገው፣ የሻማው ቀለጥ እጅ እንዳያቃጥል ክብ የቆርቆሮ ወረቀት አስገብተው ትንሽ ሻማ ያቁሙበት። ሻማው ከመለኮሱ በፊት የሴቶች ልጆችን ፀጉር ወደ ኋላ ማሰር፣ የነጠላውንም ጫፍ ማጣፋት እንዳይረሳ።