የደላላውን ሥራ የመዘኑት የእርሻ ኢኮኖሚስት
የዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ጥናትና የጎጃም እህል ጉዞ

ከደብረ ማርቆስ የተጫነ ጤፍ ደጀንን አልፎ፣ አባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ አዲስ አበባ እህል በረንዳ እስኪደርስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳይ የደላላው ነው። ገዢ የሚፈልገው፣ ናሙና የሚያሳየው፣ ማኛውን ከነጩ፣ ነጩን ከሰርገኛው የሚለየው፣ ሻጭና ገዢ ሳይተዋወቁ እንዲገበያዩ መሐል የሚቆመው እሱ ነው። ይህ ሰው ለዘመናት ዋጋ አናሪ እየተባለ ሲወቀስ የኖረ ሲሆን፣ ሥራውን በጥናት ሚዛን ላይ ካስቀመጡት ምሁራን መካከል ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ።

ዶክተር እሌኒ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ይማሩ በነበረበት ወቅት አገሪቱ በ1977ቱ ድርቅና ረሃብ ተመትታ ነበር። አንዱ አካባቢ እህል እያለው ሌላው ለምን ይራባል የሚለው ጥያቄ የሙያ ሕይወታቸውን አቅጣጫ ወሰነ። በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ኢኮኖሚክስ አጥንተው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። የመመረቂያ ጽሑፋቸው የኢትዮጵያን የእህል ገበያ፣ በተለይም የነጋዴውንና የደላላውን ግንኙነት የሚመረምር ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ የእርሻ ኢኮኖሚስቶች ማኅበርን ሽልማት አስገኝቶላቸዋል።

ነጻ ገበያ፣ ግን በትውውቅ

ጥናቱ የተካሄደበት ገበያ ገና ከእገዳ የወጣ ነበር። በደርግ ዘመን በጎጃምና በአርሲ የግል ነጋዴ እህል ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር አውጥቶ እንዳይሸጥ ተከልክሎ፣ ምርቱ በተተመነ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ይገባ ነበር። ኬላው የተነሳው በ1982 የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ነው። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ግን ሌላ ችግር ታየ። የጥራት ደረጃ የለም፤ ውል ያፈረሰን ነጋዴ በፍርድ ቤት ማስገደድም ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል። ስለዚህ ነጋዴው ከሚያውቀው ሰው ጋር ብቻ መነገድን መረጠ።

የዶክተር እሌኒ ጥናት እንዳመለከተው፣ ይህን ክፍተት የሚሞላው ደላላው ነው። በኩንታል የተወሰነ ኮሚሽን ይቀበላል እንጂ፣ በልማዱ መሠረት ለራሱ ገዝቶ አይሸጥም። ነጋዴውም ደላላ አይለዋውጥም፤ አንዱን ይዞ ይዘልቃል። አንድ ጊዜ ያታለለ ደላላ ስሙ በረንዳውን ያዳርሳልና፣ መያዣው ስሙ ነው። በሌላ በኩል በትውውቅ የሚሠራ ገበያ ከትውውቁ ክልል አይሻገርም። ድካሙም ወጪውም ገዢ ፍለጋው ላይ ይበዛል።

የዚህ ገበያ ድክመት በ1994 ገሃድ ወጣ። ተከታታይ ጥሩ ምርት ከተገኘ በኋላ የበቆሎ ዋጋ በአንዳንድ ገበያ እስከ 80 በመቶ ወደቀ። ምርቱ ከማሳ የሚሰበሰብበትን ወጪ እንኳ የማይሸፍንበት ሁኔታ ተፈጠረ። በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲከዳ፣ 14 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ መሆኑ ተነገረ።

ከጥናት ወደ ጨረታ ወለል

ዶክተር እሌኒ በዓለም አቀፍ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋምና በዓለም ባንክ ከሠሩ በኋላ፣ የኢትዮጵያ ምርት ገበያን በማቋቋም ግንባር ቀደም ሆኑ። ምርት ገበያው ሚያዝያ 16 ቀን 2000 ሥራ ሲጀምር እሳቸው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ነበሩ። አሠራሩ ደላላው በስሙ የሚሰጠውን ዋስትና በተቋም የሚተካ ነው። እህሉ በመጋዘን ተመዝኖ ደረጃ ይወጣለታል፤ ባለቤቱ ደረሰኝ ይይዛል፤ የሻጩ ገንዘብ በማግስቱ በባንክ ይገባል። ሻጭ የገዢውን ፊት ማየት አያስፈልገውም።

ይሁን እንጂ እህል ነጋዴው እንደታሰበው አልመጣም። የበቆሎና የስንዴ ግብይት አነስተኛ ሆኖ ሲቀር፣ ምርት ገበያውን ያቆሙት ቡና፣ ሰሊጥና ቦሎቄ ናቸው። በተለይ ቡና ከ2001 ጀምሮ በሕግ ግዴታ ወደ ወለሉ ገባ። ይህም ክርክር አስነስቷል፤ ቡናው ከሌላው ጋር በደረጃ ሲቀላቀል የመጣበት እርሻ ይጠፋል የሚሉ ላኪዎች ጥቂት አልነበሩም። በኋላ ላይ የመጣው ማሻሻያ ቡና ከምርት ገበያው ውጭም እንዲሸጥ በር ከፍቷል።

ዶክተር እሌኒ እ.ኤ.አ. በ2012 ከኃላፊነታቸው የለቀቁ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የያራን ሽልማት ከሩዋንዳዋ አግነስ ካሊባታ ጋር ተጋርተዋል። ከዚያም በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ምርት ገበያ የሚያቋቁም ድርጅት፣ ቀጥሎም ወጣት ሥራ ፈጣሪዎችን የሚደግፈውን ብሉ ሙን መሥርተዋል።

የጎጃም ጤፍ ግን ዛሬም በአመዛኙ የሚሸጠው በናሙና፣ በስልክና በደላላ ነው። ምክንያቱ ለነጋዴው የተሰወረ አይደለም። እህሉን መጋዘን አስገብቶ ደረጃ ማስወጣት ወጪ አለው፤ ያ ወጪ ለደላላው ከሚከፈለው ኮሚሽን ካልቀነሰ ማንም በረንዳውን አይተውም። ሕግ ቡናን ወደ ወለሉ ሊያስገባ ችሏል፤ ጤፍን የሚያስገባው ግን ሒሳቡ ብቻ ነው።