ዋርፋሪን በጉበት፣ ልኬቱ በፕላዝማ

በብልቃጥ ውስጥ ባለ ደም ላይ ሄፓሪን ቢጨመር ደሙ ሳይረጋ ይቆያል፤ ዋርፋሪን ቢጨመርበት ግን መድኃኒቱ እንዳልነካው ሆኖ ይረጋል። ሁለቱም የደም መርጋትን ለመከላከል የሚታዘዙ ሆነው ሳሉ ይህን ያህል የሚለያዩት የሚሠሩበት ቦታ የተለያየ በመሆኑ ነው። ሄፓሪን አንቲትሮምቢን የተባለውን፣ በደም ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ ፕሮቲን አበርትቶ፣ ደም የሚያረጉትን ኢንዛይሞች ወዲያውኑ ያግዳል፤ ዋርፋሪን ግን የሚሠራው በጉበት ውስጥ ነው።

ደም የሚረጋው ጉበት የሚያመርታቸው በርካታ ፕሮቲኖች አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ሄደው፣ በመጨረሻ ፋይብሪን የተባለው ክር ሲሠራና የደም ሕዋሳትን ሲያጠምድ ነው። ከእነዚህ መካከል 2፣ 7፣ 9 እና 10 በሚሉ ቁጥሮች የሚታወቁት አራቱ ያለ ቫይታሚን ኬ ብቁ አይሆኑም። ዋርፋሪን አንድ ጊዜ ያገለገለውን ቫይታሚን ኬ የሚያድሰውን ኢንዛይም ስለሚያግድ፣ ጉበት እነዚህን ፕሮቲኖች ጎደሎ አድርጎ ወደ ደም ይለቃል። አስቀድመው የተመረቱት ግን እስኪያልቁ ድረስ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ 7ኛው በሰዓታት ውስጥ ሲመናመን 2ኛው ቀናት ይፈጅበታል። ስለዚህ ክኒኑ ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው ከተጀመረ 5 ቀን ገደማ በኋላ ሲሆን፣ አደገኛ የረጋ ደም ላለበት ታማሚ መጀመሪያ ላይ ሄፓሪን አብሮ የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

ይህ ለውጥ የሚለካው በፕላዝማ፣ ማለትም የደም ሕዋሳት ተለይተው ከወጡ በኋላ በሚቀረው ፈዛዛ ቢጫ ፈሳሽ ነው። ደሙ የሚቀዳው ሶዲየም ሲትሬት ወዳለበት ቱቦ ሲሆን፣ ሲትሬቱ ለመርጋት የግድ የሚያስፈልገውን ካልሲየም ይዞ ያቆየዋል፤ ከዚያ በፕላዝማው ላይ ካልሲየምና መርጋትን የሚያስጀምር ንጥረ ነገር ተጨምሮ እስኪረጋ ያለው ጊዜ በሰከንድ ይቆጠራል። መጠኑ 9 እጅ ደም ለ1 እጅ ሲትሬት ነው፤ ቱቦው በሚገባ ሳይሞላ ከቀረ ሲትሬቱ ስለሚበዛ ፕላዝማው ዘግይቶ ይረጋል፣ ታማሚውም ያለ አግባብ መድኃኒቱ ሊቀነስበት ይችላል። በአንድ ቱቦ አሞላል ላይ የሰው ሕይወት ሊመሠረት መቻሉ ቸል የሚባል ጉዳይ አይደለም።

ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙባቸው ንጥረ ነገሮች ስለሚለያዩ ውጤቱ አይ ኤን አር ወደሚባል የጋራ መለኪያ ይለወጣል። ዋርፋሪን የማይወስድ ጤነኛ ሰው 1 ገደማ ሲኖረው፣ ለአብዛኞቹ የመድኃኒቱ ተጠቃሚዎች የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው፤ ከዚያ ሲያንስ ደም ረግቶ የአንጎል ቧንቧን ሊዘጋ፣ በጣም ሲበልጥም ደም ሊፈስ ይችላል።

በቫይታሚን ኬ የበለጸገው ጎመን በጾም ወራት በብዛት፣ በፍስክ ጊዜ ደግሞ በጥቂቱ ሲበላ መለኪያው ከፍ ዝቅ ይላል። ታማሚው ጎመንን እርም ማድረግ አይጠበቅበትም፤ የሚበላው መጠን ሳይዋዥቅ እንዲቀጥልና የጾሙን መግባት ለሐኪሙ እንዲነግር ነው የሚመከረው።

ይህን ሁሉ ክትትል የማይሹ እንደ ሪቫሮክሳባን ያሉ አዳዲስ መድኃኒቶች ቢኖሩም፣ ብረት ነክ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ለተገጠመለት አይታዘዙም። ኢንቪክተስ የተባለውና ውጤቱ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ደግሞ፣ በኢትዮጵያም ብዙ ወጣቶችን በሚያጠቃው በሩማቲክ የልብ ሕመም ሳቢያ የልብ ምታቸው ለተዛባ ሰዎች ዋርፋሪንና መሰሎቹ ከሪቫሮክሳባን ይልቅ ሞትን እንደሚቀንሱ አሳይቷል፤ ለእነዚህ ታማሚዎች በየአካባቢያቸው አይ ኤን አር የሚለካ ላቦራቶሪ መኖሩ ከክኒኑ እኩል ያስፈልጋል።