የሊማሊሞ ቁልቁለትና የጭን ጡንቻ

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በእግሩ የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ቁልቁለት ግን ጉልበት ያብረከርካል። ደባርቅ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ሊማሊሞን ቁልቁል ሲሉት ልብ እምብዛም አይደክምም፤ ጫናው የሚያርፈው በጭን የፊት ጡንቻ ላይ ነው። ዳገት ሲወጡ ይህ ጡንቻ እያጠረ ሰውነትን ይገፋል። ሲወርዱ ደግሞ ጉልበት በታጠፈ ቁጥር ሸክሙን እንደያዘ ይረዝማል።

ምን ያህል እንደረዘመ በምን ያውቃል? በጡንቻው ውስጥ ተበትነው የሚገኙ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚረዝሙ፣ ወገባቸው ወፈር ጫፋቸው ሾል ያለ እንዝርት መሰል አካላት አሉ። በውስጣቸው ቀጫጭን የጡንቻ ክሮች ይገኛሉ፤ በክሮቹ ወገብ ላይ ደግሞ የነርቭ ጫፍ ተጠምጥሟል። ጡንቻው ሲለጠጥ ጥምጥሙም ይለጠጥና በነርቩ ሽፋን ላይ ያሉ ፒዬዞ 2 የተባሉ የፕሮቲን በሮች ይከፈታሉ፤ መልእክቱም ወደ ኅብለ ሰረሰር ይሮጣል። በሮቹን ያገኘው የአርደም ፓታፑቲያን ቡድን ነው፤ እሱም በ2021 እ.ኤ.አ. ከዴቪድ ጁሊየስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

መልእክቱ ርዝመትን ብቻ ሳይሆን የመለጠጡን ፍጥነትም ይናገራል። ለወራጅ ዋናው ይኼኛው ይመስለኛል። ጠጠር ከጫማ ሥር ሲንከባለል ድንገት የተለጠጠው ጡንቻ፣ ሰውየው «ወደቅሁ!» ብሎ ሳያስብ፣ ከ50 ሚሊ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ መኮማተር ይጀምራል። ሐኪም ከጉልበት ሎሚ በታች በመዶሻ መታ ሲያደርግ እግር የሚፈናጠረውም በዚሁ መንገድ ነው።

ይበልጥ የሚገርመው ግን መለኪያው ራሱን ማስተካከሉ ነው። ጡንቻው ሲያጥር እንዝርቱ ላልቶ ዝም እንዳይል፣ ከኅብለ ሰረሰር የሚመጡ ሌሎች ቀጫጭን ነርቮች ሁለቱን ጫፎቹን ወጠር ያደርጓቸዋል።

ያም ሆኖ ጡንቻ እየረዘመ ብዙ ከሠራ በኋላ ዓይኑን የጨፈነ ሰው እጅ እግሩ የት እንዳለ ሲጠየቅ ከወትሮው ይልቅ ይሳሳታል። በድመት ጡንቻ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች እንዝርቶቹ እንዲህ ካለ ሥራ በኋላም ደህና ሆነው ተገኝተዋል፤ ስለዚህ መለኪያው ተሰበረ ማለት አይቻልም። ቀን ላይ ዓይን ስህተቱን ያርመዋል፤ ሲመሽ ግን የደከመ እግር እርምጃውን ሊስት ይችላል። በማግስቱ የሚመጣው የጭን ሕመም በአንጻሩ ልማድ ያውቃል፤ አንድ ጊዜ ቁልቁለት የወረደ ጡንቻ ለሳምንታት ያህል በሚቀጥለው ጉዞ የሚደርስበት ጉዳት ይቀንሳል። መንገዱን የለመደ ገበያተኛ በማግስቱ እንደልቡ ሲራመድ፣ እንግዳው ከወንበር ለመነሳት «ወይኔ ጉልበቴ!» የሚለውም ለዚህ ነው።